ከምንጩ ራስ ላይ የተከልኩት ባህር ዛፍ

ከመካነ ሰላም ግማሽ ቀን በእግር በሚያስኬድ ደጋ ላይ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሳይንስ መምህር ነበርኩ። ዓርብ ከሰዓት ሌሎቹ መምህራን ወደ ከተማ ሲሄዱ ግቢው ውስጥ የምንቀረው እኔና ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ነን። አባባ እላቸዋለሁ። ቅዳሜና እሁድ ከእሳቸው በቀር የሚያናግረኝ ሰው ስላልነበረ ሰላምታችንን እንኳ ሆን ብዬ አስረዝመው ነበር። በረመዳን ሲያፈጥሩ ተምራቸውን ያካፍሉኛል።

በሁለተኛው ዓመት ከወረዳ የአካባቢ ጥበቃ ዕቅድ አውጡ ተባልን። ሳይንስ ታስተምራለህ ተብሎ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ። ያኔ ዕቅድ ማለት ያማረ ሠንጠረዥ ይመስለኝ ነበር። ከግቢው በላይ ያለው ገላጣ ተዳፋት በባህር ዛፍ ይሸፈናል፤ ለአዲስ መማሪያ ክፍል የሚሆነውን እንጨት ከራሳችን ደን እናወጣለን አልኩ። ከተዳፋቱ ሥር ተማሪዎቹ የሚጠጡባት፣ አባባ ለሶላት ውዱእ የሚያደርጉባት ትንሽ ምንጭ ነበረች። የወላጆች ስብሰባ ላይ አባባ ተነሡና፣ «ወላሂ ይኸ ዛፍ ውሃ ጠጥቶ አይጠግብም። ከምንጭ ራስ ላይ ወይራ ነው የሚተከል» አሉ። ወይራ ለማደግ ዕድሜ ይፈጃል ብዬ መለስኩላቸው። ዕቅዱ ጸደቀ፤ በክረምቱ ተከልን።

ዛፎቹስ አላሳፈሩኝም፣ ለዓይን እስኪያስጎመጁ ተመዘዙ። በአራተኛው ዓመት በጋ ምንጯ ደረቀች። ምከረው ምከረው፣ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው የሚባለው እንደኔ ላለው ነው። አባባ ግን አንድም ቀን «ብዬህ ነበር» አላሉኝም። ጀሪካናቸውን ይዘው ከግቢው በታች ያለውን ገደል እየወረዱ ከሥሩ ውሃ ይቀዱ ጀመር። ከወር በኋላ ሥራቸውን ለቀው ወግዲ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ስንሰነባበት «አላህ ያግዝህ ልጄ» ብቻ ነው ያሉኝ።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቅዳሜዎች አልገፋ አሉኝ። አዲሱ ዘበኛ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ይውላል። ርዕሰ መምህሩን ለምኜ፣ ወረዳ ተመላልሼ ዛፎቹን አስቆረጥኩ። ባህር ዛፍ ግን ቢቆርጡትም አይሞትም፤ ጉቶው ያቆጠቁጣል። ሁለት ዓመት ሙሉ በየቅዳሜው ብቻዬን ቀንበጥ ስሰብር ዋልኩ። ውሃ ወቀጣ ነው እያሉ ሳቁብኝ። ለልጆቹ ጥማት ብቻ ብዬ አልነበረም፤ ውሃው ከተመለሰ አባባም ይመለሳሉ ብዬ ነው።

አንድ የካቲት ላይ ጭቃው ረጠበ፤ ከሳምንት በኋላ ቀጭን ውሃ መጣ። በማግስቱ ወግዲ ሄድኩ። አባባ አጥር ሥር ፀሐይ ሲሞቁ አገኘኋቸው። ወሬውን ስነግራቸው «አልሐምዱሊላህ» ብለው እጃቸውን ዘርግተው ለተማሪዎቹ ዱዓ አደረጉ።

«እንግዲህ ይመለሳሉ፣ አባባ» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ በውሃው አይደለም የሄድኩት። ውሃማ ከገደሉ ሥርም አለ» አሉ። «ያን ቀን ስብሰባው ላይ ሰው ሁሉ ሲናገር ትጽፍ ነበር። እኔ ስነሣ እስክሪብቶህን አስቀመጥክ።»

ቂም የያዙ አይመስሉም ነበር፤ ልጃቸውን ጠርተው ምሳ እንድታቀርብልኝ አዘዙ። አንገቴን ደፍቼ በላሁ።

ትምህርት ቤት ስመለስ የስብሰባውን ቃለ ጉባኤ ከቢሮ ፈልጌ አወጣሁት። በገዛ እጄ ጽሑፍ ተናጋሪው ሁሉ በየተራው ሰፍሯል። እሳቸው የሉበትም።