የኦቦ ጀቤሳ ልጅ

ስልኩ ሲጮህ መንበረ ምስር ትለቅም ነበር። ሰኔ 2015፣ የቅዳሜ ረፋድ ነው። የባሏን ስም ስክሪኑ ላይ ስላየች እጇን በቀሚሷ ጠርጋ አነሳችው። «አንተ ሰው፣ ዛሬም መነጽርህን ረሳኸው?» አለች።

የመለሰላት ሌላ ሰው ነው። «እህቴ፣ የዚህ ስልክ ባለቤት ምንሽ ነው?»

«ባለቤቴ ነው። አንተ ማነህ?»

«የምደውለው ከጉደር ነው። መጨረሻ የደወለው ላንቺ ስለሆነ ነው። ሚኒባሱ ቁልቁለቱ ላይ ተገልብጧል። ሰው ካለሽ፣ ሰው ይዘሽ ነይ።»

መንበረ ያኔውኑ ገባት። ለቆሰለ ሰው የሚባለው «ቶሎ ነይ» ነው። «ሰው ይዘሽ ነይ» የሚባለው ለሌላ ነው። ምስሩን ከነሰፌዱ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ በሩን ቆለፈች፣ ቁልፉን ለጎረቤት ሰጠች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አላለቀሰችም። ሰፌዱ እስከ ተዝካሩ ድረስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ነበር። የሚያነሳው ሰው ጠፋ።

ደግፌ ጀቤሳ ጌዶ ውስጥ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበር። መንበረ የአምቦ ልጅ ናት። አግብታው ጌዶ ገባች፤ እሱ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤትም መዝገብ ቤት ተቀጠረች። ሥራዋ ገቢና ወጪ ደብዳቤ መመዝገብ፣ ቁጥር መስጠት፣ ማኅተም መምታት ነው። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ የአባት ስም የጎደለበት ወይም ስም የተሳሳተበት ደብዳቤ አሳልፋ አታውቅም። ከርዕሰ መምህሩ የመጣም ቢሆን ትመልሰዋለች። መምህራኑ በዚህ ምክንያት «ጉምሩክ» ይሏታል። እሷም አትቀየምም ነበር።

ደግፌ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ነገር ጀምሮ ነበር። በፖርቱጋል አገር፣ በአንዲት የዓሣ አጥማጆች ከተማ ካለ ትምህርት ቤት ጋር በኢንተርኔት ተዋወቀ። የእሱ ተማሪዎች ስለ ጌዶ የከብት ገበያ ይጽፋሉ፤ የዚያ አገር ልጆች ስለ ዓሣ ገበያቸው ይመልሳሉ። ቅዳሜ ቅዳሜ በስክሪን ሊያገናኛቸውም አሰበ። ትምህርት ቤቱ የኢንተርኔት መስመር የነበረው ከምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ጎን ባለው የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ብቻ ነው። የክፍሉ ቁልፍ ደግሞ በምክትሉ በአቶ ሀብተሥላሴ ወንድይራድ ኪስ ውስጥ ነው።

«ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም» ይለዋል ሀብተሥላሴ። «ንብረት ቢጠፋ ማን ሊጠየቅ ነው?»

ደግፌ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ ጻፈ። ሦስቱንም ቁጥር ሰጥታ የመዘገበቻቸው መንበረ ናት። መልስ የሚል ነገር አልመጣም። ስለዚህ ደግፌ የልጆቹን ደብዳቤና በስልኩ የቀዳውን ድምፃቸውን ይዞ በየቅዳሜው አምቦ ድረስ ይሄድ ነበር። እዚያ ኢንተርኔት ቤት ገብቶ ተማሪዎቹን ወክሎ ከፈረንጆቹ ልጆች ጋር ያወራል። የሞተውም ለዚሁ ሲሄድ ነው። መንገዱ ቁልቁለት መሆኑን፣ ሹፌሩ መፍጠኑን መንበረ አትክድም። ግን ጥፋተኛውን ስታስብ ሹፌሩ ትዝ አይላትም። የምታስበው ቁልፉን ነው።

ሀብተሥላሴ ለቅሶ ቤት መጥቶ ከደግፌ አባት ከኦቦ ጀቤሳ አጠገብ ተቀመጠ። «ትልቅ ሰው ነው ያጣነው» አለ። እግሩን ሲያነባብር ኪሱ ውስጥ ያለው የቁልፍ ማሰሪያ ተንቀጫቀጨ። መንበረ ማዶ ከሴቶቹ መሃል ሆና ሰማችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የቁልፍ ድምፅ በሰማች ቁጥር ጥርሷን ትነክሳለች።

በጥቅምት አንድ ደብዳቤ ለምዝገባ ቀረበላት። ትምህርት ቤቱ ከፖርቱጋሉ ትምህርት ቤት ጋር ያለውን የልውውጥ ፕሮጀክት በኅዳር በይፋ እንደሚያስጀምር ይገልጻል። መሥራችና ዋና አስተባባሪ፦ አቶ ሀብተሥላሴ ወንድይራድ። ደብዳቤውን እንደያዘች ቢሮው ገባች።

«አቶ ሀብተሥላሴ፣ የደግፌ ስም የት ገባ?»

ሀብተሥላሴ ሲናገር አይጮህም። «ወይዘሮ መንበረ፣ ሐዘንሽን እረዳለሁ። ሥራ ግን የተቋም ነው እንጂ የግለሰብ አይደለም።»

«የግለሰብ ካልሆነ ያንተ ስም ለምን ገባ?»

«ኃላፊ ያስፈልጋላ! ፈረንጆቹ ደብዳቤ ሲጽፉ ማን ይመልስላቸው? ወደ መቃብር ልንመራላቸው ነው?»

መንበረ ያቺን የመጨረሻ ቃል ይዛት ወጣች። ቤቷ ገብታ ወጥ ስታማስል፣ ልብስ ስታጥብ፣ ለራሷ ደጋግማ ትላት ነበር፤ ወደ መቃብር ልንመራላቸው ነው።

ከሳምንት በኋላ የሀብተሥላሴ ቢሮ ጸሐፊ ድንቅቱ አንድ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሰነድ ይዛ መጣች። ደግፌ ሌሊቱን እያነጋ የጻፈው የፕሮጀክት ዕቅድ ነው። መንበረ ገጾቹን ታውቃቸዋለች።

«ጉምሩክ፣ በሞቴ ዛሬ አታጉላዪኝ» አለች ድንቅቱ። «ፈርሞበታል። ማኅተም ምቺልኝና ዛሬውኑ ለፈረንጆቹ በኢሜይል ይሄዳል። ለእንግዶቹም ይባዛል።»

መንበረ እንግሊዝኛዋ የደብዳቤ እንግሊዝኛ ነው፤ ስም ግን አያመልጣትም። የመጀመሪያው ገጽ ላይ «ሀብተሥላሴ ጀቤሳ» ይላል። ገለጠችው። ሁለተኛውም ላይ ሀብተሥላሴ ጀቤሳ። መጨረሻው ድረስ ሀብተሥላሴ ጀቤሳ።

«ስሙን አንድ በአንድ ነው የቀየርሽው?» አለቻት።

«ምን አንድ በአንድ! ደግፌ የሚለውን ሁሉ ሀብተሥላሴ አድርጊው አለኝ። ኮምፒውተሩን አዘዝኩት፣ በአንዴ ለወጠው። ምነው፣ የቀረ ደግፌ አለ እንዴ?»

«የቀረ ደግፌ የለም» አለች መንበረ።

ውሸት አልነበረም። የቀረው አባቱ ነው።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ወረቀቱን አጥፋ «አባቱን አስተካክለሽ አምጪ» ትል ነበር። አሁን ግን የፖርቱጋል ሰዎች ደግፌን ምን ብለው ይጠሩት እንደነበር ታውቃለች። እነሱ ዘንድ ሰው የሚጠራው በኋለኛው ስሙ ነው። ስለዚህ ደግፌ ለእነሱ «ሚስተር ጀቤሳ» ነበር። እራት ላይ «ዛሬም አባባ ፖርቱጋል ሲያስተምሩ ዋሉ» እያለ ይስቅ ነበር። መሞቱንም አልሰሙም። ክረምቱን ሙሉ በስልኩ ላይ መልእክት ይመጣ ነበር፤ ሚስተር ጀቤሳ፣ ደህና ነህ ወይ? መንበረ መጀመሪያ ልመልስ ብላ እጇ እምቢ አላት። በኋላ ግን እምቢ ያለችው ራሷ ናት።

ሰነዱን መዘገበች። ቁጥር ሰጠችው። ማኅተሙን በደንብ ቀለም አስነክታ፣ ፊርማው ላይ አሳርፋ መታችው።

«እንዲህ ነው እንጂ!» አለች ድንቅቱ። «ዛሬ ምን ነካሽ?»

ቅዳሜ ኦቦ ጀቤሳ ዘንድ ሄደች። ሽማግሌው ከጌዶ ወጣ ብሎ ነው የሚኖሩት፤ ከብት በመነገድ ያረጁ ሰው ናቸው።

«አባባ፣ የደግፌን ሥራ ሊያስመርቁ ነው። ፊት ወንበር ላይ አስቀምጥዎታለሁ።»

«ስሙን ይጠሩታል?» አሏት።

«ይጠሩታል» አለች። ዓይናቸውን ሳታይ ነው ያለችው።

የማስጀመሪያው ቀን የኮምፒውተር ክፍሉ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ደግፌ ሁለት ዓመት የለመነው በር ነው። መስመሩ በሦስት ቀን ውስጥ እስከ አዳራሹ ተዘርግቷል። በሩ አናት ላይ የሀብተሥላሴ ስም ያለበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከአምቦ የመጡ እንግዶች ፊት ተቀመጡ። ከእነሱ ጎን ኦቦ ጀቤሳ፣ ካፖርታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው። መንበረ ኋላ፣ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች።

ስክሪኑ በራ። አሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች፣ መሃላቸው ቴሬዛ የምትባለው አስተማሪያቸው። ከወዲህ የምታስተረጉመው ለንሳ ናት፤ ደግፌ የነበረበት የእንግሊዝኛ ክፍል አስተማሪ።

ቴሬዛ ተናገረች፤ ለንሳ ወደ አማርኛ መለሰች። «ሚስተር ጀቤሳ፣ እንኳን ተመለስክልን፤ ክረምቱን ሙሉ ጠፍተህብን ሰግተን ነበር፣ ትላለች።»

ሀብተሥላሴ ወደ እሱ የሚያዩትን ዓይኖች አይቶ ተነሣና እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እጅ ነሣ።

ስክሪኑ ላይ አንዲት ባለ መነጽር ልጅ ወደ ካሜራው ተጠጋች። ክላራ ትባላለች፤ ደግፌ ቤት ሲገባ ስሟን ደጋግሞ የሚያነሳት ጠያቂ ልጅ ናት። ግንባሯን ቋጥራ አንድ ነገር ተናገረች። ለንሳ ወደ ሀብተሥላሴ ዞረች።

«ምን አለች?» አሉ ከአምቦ ከመጡት እንግዶች አንዱ።

«ይኼ እኮ እሱ አይደለም አለች። ሚስተር ጀቤሳ የት አለ? አለች።»

ኦቦ ጀቤሳ ስማቸውን ሁለተኛ ሲሰሙ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «አኒ አስ ጂራ!» አሉ። እዚህ ነኝ ማለታቸው ነው። «ጀቤሳ እኔ ነኝ። ማነው የሚጠራኝ?»

እንግዳው ሰነዱን ገለጥ ገለጥ አደረጉ። «እዚህም ሀብተሥላሴ ጀቤሳ ነው የሚለው። አቶ ሀብተሥላሴ፣ አባትህ ናቸው እንዴ?»

ሀብተሥላሴ ወረቀቱን ነጥቆ አነበበ። ሽማግሌው ከእግር እስከ ራሱ፣ ገበያ ላይ የቀረበላቸውን በሬ እንደሚያዩት አዩት።

«የለም» አሉ። «የኔ ልጅ ደግፌ ነው። ይኼንን አልወለድኩትም።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «አባት ቀይሮ መጣ!» አለ አንድ መምህር ከኋላ። ሌላው «ጋሽ ጀቤሳ፣ ውርስ እንዳይጠይቅዎት!» አለ። ሀብተሥላሴ «የጽሕፈት ስህተት ነው፣ የጽሕፈት ስህተት ነው» እያለ ኪሱን ይዳብሳል፤ ቁልፉ ይንቀጫቀጫል። መንበረ ያን ድምፅ ለመጀመሪያ ጊዜ ጥርሷን ሳትነክስ ሰማችው። ጣማት። ዛሬም ድረስ ስታስታውሰው ይጥማታል፤ ይህን ለማንም አትደብቅም።

ግን ስክሪኑ አልተዘጋም ነበር። ልጆቹ ሰው ለምን እንደሚስቅ አልገባቸውም። ለንሳ ሌላ መንገድ ስላጣች በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው፤ ሚስተር ጀቤሳ በሰኔ ሞቷል። ክላራ መነጽሯን አወለቀችና በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። ሳቁ ከፊት ወደ ኋላ እየጠፋ ሄደ። ኦቦ ጀቤሳ ወደ ልጅቷ እያዩ እንደቆሙ ቀሩ፤ የሚያስቀምጣቸው ሰው አልነበረም።

ሲመለሱ ባጃጅ ውስጥ አብራቸው ተቀመጠች።

«ስሙን ይጠሩታል ብለሽኝ ነበር» አሉ ሽማግሌው።

«ጠሩት እኮ፣ አባባ።»

«የጠሩት የኔን ነው። ሰው እንዲስቅ ነው የወሰድሽኝ?»

«በእርስዎ አልሳቁም።»

«ሰምቻለሁ» አሉ። «የልጄን ስም ስጠራም እየሳቁ ነበር።»

ከዚያ በኋላ ሀብተሥላሴ ከአስተባባሪነቱ ተነሣ፤ ከምክትልነቱ ግን አልተነሣም። በኮሪደሩ ሲያልፍ ዛሬም ልጆች በሹክሹክታ «ጀቤሳ» ይሉታል። ልውውጡን ለንሳ ያዘችው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሩ ይከፈታል። ክላራ ለሐዘን በላከችው ደብዳቤ መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ነበራት። ሚስተር ጀቤሳ የበሬ ዕድሜ በጥርሱ እንዴት እንደሚታወቅ አባቱን አቅርቦ ሊያሳየን ቃል ገብቶልን ነበር፣ ትላለች። ያን የሚያውቁት ኦቦ ጀቤሳ ብቻ ናቸው። እሳቸውን ለመለመን ደግሞ መንበረ መጀመሪያ ይቅርታ መጠየቅ አለባት። ይቅርታ ስትል ደግሞ ያን ቀን በሆነው ሁሉ ተጸጽቻለሁ ማለት ይመስልባታል፤ በሁሉም ግን አልተጸጸተችም።

የበሩ ሰሌዳ ላይ ያለው ስም እስከ ዛሬ የሀብተሥላሴ ነው። ይቀየር የሚለውን ማመልከቻ መንበረ ጽፋ፣ ራሷ መዝግባ፣ ቁጥር ሰጥታዋለች፤ የፈረመበት የለም። ወደ ኦቦ ጀቤሳ ቤት አልሄደችም። የክላራ ደብዳቤ ገቢ ተብሎ ተመዝግቧል፤ መልስ አልተጻፈለትም።