የጋሼ ላቴቦ ኮርኒስ

ሱቄ በር ላይ የቃጫ ጥቅል በሰቀልኩ ቁጥር አፍንጫዬ ቀድሞኝ ወደ ልጅነቴ ይሄዳል። እናቴ እንሰት ፍቃ ቃጫውን አጥር ላይ ስታሰጣ ግቢያችን ኮምጠጥ ያለ ሽታ ነበረው። የጥጋባችን ሽታ ነው፤ ማን ይጠላዋል?

ጎረቤታችን ጋሼ ላቴቦ ጠሉት። የቢሮ ሰው ናቸው። በሰፈራችን መጀመሪያ የጂፕሰም ኮርኒስ ያሠሩት እሳቸው ነበሩ፤ ያውም በማበጠሪያ የተበጠረ ይመስል ሞገድ ሞገድ ያለውን። እኛ ልጆች በመስኮት ሽቅብ ስናይ አንገታችን ይቀጭ ነበር። ጂፕሰሙ ውስጡ ቃጫ ካልገባ አይይዝምና እናቴ አንድ ሸክም ሰጠቻቸው። ለጎረቤት ቃጫ አይሸጥም።

ቤቱ በጸሎት ሲመረቅ በኮባ የጠቀለለችውን ቆጮ ይዛ ሳሎን ገባች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ። ጋሼ በሰው ፊት፣ «አንቺ ጓዳ ብትሆኚ ይሻላል፤ ኮርኒሱ አዲስ ነው፣ ሽታ ይይዛል» አሏት። ሰው ሳቀ። እናቴ ሽቅብ ቃጫዋ ያለበትን አየችና ወጣች። ሳቁ እስከ ደጃችን ተከተለን። ቂም እንደ በርበሬ ነው፤ ዋጋው እስኪወጣ ደረቅ ቦታ ይቀመጣል። አስቀመጥኩት።

ዘንድሮ ወጣ። የጋሼ ኮርኒስ እየረገፈ ሻይ ውስጥ መግባት ጀመረ። ልጃቸውን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ሊመጡ ነውና አሮጌው ተፍቆ ያው ሞገድ እንደገና ይሠራልኝ አሉ። ከአዲሎም ከዳምቦያም ገበያ የሚመጣውን ቃጫ የምረከበው እኔ ነኝ፤ ከዘራቸውን ይዘው ሱቄ መጡ።

«ቃጫስ አለ፣ ጋሼ» አልኳቸው። «ግን ሽታ አለው። ኮርኒስ ይይዘዋል።»

ረስተውት ይሆን ብዬ ሰግቼ ነበር። ዓይናቸው መሬት መሬት ሲያይ አረፍኩ። ዋጋውን ቢጠይቁኝ፣ ለጎረቤት ቃጫ አይሸጥም፣ እናቴን ሄደው ይለምኗት አልኩ። ሄዱ። ደጅ አቁማ ሰማቻቸውና፣ እንደ ድሮው በነፃ ከሱቄ አሰጠች።

ዛሬ አጥራችን ብሎኬት ሆኗል፣ ቃጫ የሚሰጣበት የለም፤ ልጆችም ከስልካቸው ቀና ብለው ኮርኒስ አያዩም። ሽማግሌዎቹ በመጡ ዕለት ሽቅብ ያየች እናቴ ብቻ ነበረች። ቆጮዋን በኮባ ይዛ ሳሎኑ መሃል ተቀምጣለች፤ ወንበር የሳቡላት ጋሼ ራሳቸው ናቸው።

«እስኪደርቅ ትንሽ ይሸታል» አለቻቸው። «ይለምዱታል።»

ሰው ሳቀ፣ እንደ ያኔው። እናቴ አልተነሳችም። ከቆጮው ቆርሳ ጋሼን አጎረሰቻቸው፤ ጉርሻ ደግሞ በሽማግሌ ፊት እምቢ አይባልም።