በማላየው ክር አልሸምንም

ነጅዋ ሸሪፍ ግትር ናት። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ ግትር ባትሆን ኖሮ ዛሬም የሌላውን ደብዳቤ ስትተይብ ትኖር ነበር። ደብረ ብርሃን ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ አንድ ዓመት አብረን ሠርተናል፤ እኔ ዘውዴ መዝገብ ቤት፣ እሷ ከጎኔ ባለው ክፍል ጸሐፊ። አባቷ አልዩ አምባ የሚኖሩ ሸማኔ ናቸው። ይህን የሰማ ባልደረባ ከኋላዋ «የቁጢት በጣሽ ልጅ» እያለ በሽመናው ሲሰድባት ዞር ትልና፣ «የለበስከውን ጋቢ ማን ሠራልህ?» ትለዋለች።

አምና መሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ይኑረው ተባለና አንድ የሥራ መደብ ተከፈተ። ነጅዋ ተመዘገበች። ከጎረቤላ ድረስ መጥቶ አንዲት ማስረጃ ጎድላው የሚመለሰውን ባለ ጉዳይ በየቀኑ የምታየው እሷ ናት። ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ቤቱ ሆኖ በስልኩ ቢያነብ እያለች ስትብሰለሰል ኖራለች። ከሥራ በኋላ ሁለት ዓመት ሙሉ ኤችቲኤምኤል የሚባለውን የድረ ገጽ መሥሪያ ኮድ ያጠናችውም ለዚሁ ነው። ያንን መደብ እንደምትፈልገው ሌላ ነገር ስትፈልግ አላየሁም።

ገጽ ሠርቶ ለማሳየት ከሚደረገው ፈተና በፊት ሥልጠና ተሰጠ። አሠልጣኙ ብሩክ ከአዲስ አበባ የመጣ፣ አንደበቱ ማር የሆነ ባለሙያ ነው። ለተወዳዳሪዎቹ ኢንተርኔት ላይ የሚሠራ ኤዲተር አሳያቸው። ሥዕሉን በማውስ ጎትቶ ማስቀመጥ፣ ጽሑፉን መለጠፍ፣ አለቀ። ኮድ የሚባል ነገር ከነጭራሹ አይታይም። ሌሎቹ ፈነጠዙ። ነጅዋ ግን ኮምፒውተሩ ላይ ድሮም የነበረውን፣ ኮዱ በእጅ የሚጻፍበትን ኖትፓድ ከፈተች።

«ነጅዋዬ፣ በዚህ ዘመን በኖትፓድ?» አላት ብሩክ።

«አባቴ በማያየው ክር አይሸምንም። እኔም አልሸምንም።»

«ይሄኛው እኮ በአንድ ሰዓት ያልቃል!»

«ሲበላሽስ? የቱን ክር ልምዘዝ?»

የፈተናው ቀን ሥራ አስኪያጁ አቶ ኃይለኢየሱስ ባሉበት ገጿን ስትከፍት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። አማርኛው ጠፍቶ ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል። በዋዜማው ገጿን በአዳራሹ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ እንደ አዲስ ስታስቀምጥ፣ ማስጠንቀቂያውን ሳታነብ «እሺ» ብላ አልፋዋለች። ያ ማሽን ደግሞ ካላዘዙት የእኛን ፊደል አያስቀምጥም። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ማለት ይኸው ነው። «ጥያቄ ያለሽ ትመስያለሽ» አላት ብሩክ። እኔም ሳቅሁ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

መደቡን ሊያ የምትባል፣ በብሩክ ኤዲተር የሠራች ልጅ ወሰደችው። ላጽናናት ገብቼ፣ «በቃ አንቺም የእነሱን ልመጂ» ብላት ተቆጣች።

«ጋሼ ዘውዴ፣ ጥፋቱ የኔ እንጂ የኖትፓዱ አይደለም። የቱ ጋ እንደሆነም አውቄዋለሁ። እነሱ የእነሱን ያውቁታል?»

ዋናውን ፋይል ከራሷ ኮምፒውተር ከፍታ እንደገና አስቀመጠችው። ስታስቀምጥ ከታች ካሉት ምርጫዎች የእኛን ፊደል የሚይዘውን፣ ዩቲኤፍ ስምንት የሚለውን መረጠች፤ አማርኛው ወለል ብሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ መደቡ ባይመለከታትም በየሳምንቱ ገጹን ማደሷን ቀጠለች። ለማን ብላ እንደሆነ ስጠይቃት «ለባለ ጉዳዩ» አለችኝ።

በአምስተኛው ወር ሊያ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረች። ሳይቆይ ኤዲተሩ በነፃ የሚሠራበት ጊዜ አበቃና ድረ ገጹ ተቆለፈ። ጽሑፉን እናውጣ ቢሉ የሚወጣ ነገር የለም፤ ሁሉም ያለው እዚያው ኤዲተሩ ሆድ ውስጥ ነው። ብሩክ «ከኩባንያው ጋር ተነጋገሩ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። የሰው ወርቅ አያደምቅ አልኩ በልቤ። ወሩ ደግሞ ባለ ጉዳይ የሚመዘገብበት ወር ነበር፤ ግቢው በባለ ጉዳይ ተሞልቷል።

አቶ ኃይለኢየሱስ ራሳቸው ነጅዋ ክፍል ድረስ መጡ። እኔ መዝገብ ይዤ በሩ ላይ ቆሜ ነበር።

«ያ የሠራሽው ፋይል አለ?»

«አለ።»

«እስኪ በፍላሽ ስጪን፤ ለመሥሪያ ቤቱ ብለሽ።»

«ብቻውን አይሄድም ጌታዬ፤ አብሬው ነው የምሄደው። መደቡ ክፍት ነው። የምደባ ደብዳቤ ይጻፍልኝ።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። «ታስፈራሪኛለሽ?»

«ወላሂ አላስፈራራሁም። ያኔ ስቃችሁ ሸኛችሁኝ፤ ዛሬ በደብዳቤ ጥሩኝ።»

ሰውየው በመስኮቱ ሰልፉን ተመለከቱ። «እሺ፤ ማን ይጽፈዋል ታዲያ?»

«ጸሐፊዋ እኔ አይደለሁ?» ወንበሯን ሳበች። «ይናገሩ፣ እተይባለሁ።»

እሳቸው ተናገሩ፣ እሷ ተየበች። አንድ ቃል አልጨመረችም፣ አልቀነሰችም። አትማ ከእስክሪብቶ ጋር ፊታቸው አስቀመጠችው፤ ፈረሙ። ቁጥርና ቀን የሰጠሁት፣ ማኅተሙን የመታሁት እኔ ነኝ።

ቅጂውን ከእጄ ወሰደች። «አሁን ይሳቁ፣ ጋሼ ዘውዴ» አለችኝ።