እትዬ ዘነበች ለሪቪው የተጠሩ ጊዜ

ባለፈው ሳምንት ከመንግሥት ደብዳቤ መጣልኝ። ጉልበቴ ከተበላሸ ወዲህ የሚከፈለኝ የአካል ጉዳት ድጎማ አሁንም ይገባኝ እንደሆነ ሊጣራ ነው። ልጄ ሩት ዐይኗን ከስልኳ ሳትነቅል ማለት ይቻላል አነበበችውና፣ «ኢትስ ጀስት ኤ ሪቪው፣ ማሚ» ብላ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። እውነቷን ነው። እኔም አልደነገጥኩም። ደብዳቤውን አጠፍኩና እትዬ ዘነበችን አሰብኩ።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። እዚህ ሰው አገር የምንኖርበት፣ ዛሬ ቤት ከቤት የተጣበቀበት የታርኔት ሰፈር ድንጋይና እሾህ የሞላበት ሜዳ ነበር። እትዬ ዘነበች የቤተ ክርስቲያናችን ሰው ናቸው። ላቨርተን ኖርዝ በሚባል ሰፈር አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሲያነሱ ወገባቸው ተጎድቶ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል፤ የሚኖሩት በዚያችው ድጎማ ነበር። ለሪቪው ሲጠሩ የድጎማው ቢሮ አስተርጓሚ ላዘጋጅልዎ አላቸው። እምቢ አሉ።

«የማላውቀው ሰው ገመናዬን አይሰማም። አንቺ የጨዋ ልጅ ነሽ፣ አንቺው ትሄጃለሽ» አሉኝ።

ሁዳዴ ነበር፤ እዚህ ደግሞ የበጋው ሙቀት ገና አልለቀቀም። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ስለምንጾም የምስር ሳምቡሳ በፎጣ ጠቅልለው ይዘዋል። ባቡሩ ውስጥ ሽታው አወደን።

«ኧረ ቦርሳውን ዝጊው፣ ጾማችንን ሊያስፈታን ነው!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ወገባቸውን በእጃቸው ይደግፉ ነበር።

ጠያቂው ጺማም፣ ትሑት ሰው ነው። ምን ያህል ይቆማሉ፣ አስቤዛ ማን ይገዛልዎታል እያለ ቆየና፣ «ጎንበስ ብለው መሬት ነክተው መነሳት ይችላሉ?» አለ። ተረጎምኩላቸው። እትዬ ዘነበች ነጠላቸውን አስተካክለው ሰውየውን ሳይሆን እኔን አዩኝ።

«ምነው፣ ሁዳዴ አይደለም እንዴ? እሰግዳለሁ እንጂ!»

«ስንት ጊዜ?» አለ ሰውየው።

«እንደ ሰው ሁሉ ነዋ። አርባ አንድ።»

«በቀን?»

«በቀን።»

ሁሉም ሲሰግድ እሳቸው የኋላውን ግድግዳ ተደግፈው፣ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው እንደሚቆሙ አውቃለሁ። በዐይኔ አይቻለሁ። ግን አስተርጓሚ የተባለውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ነው የሚያደርሰው፤ ትልቅ ሰውንስ እንዴት ውሸት ነው ይባላል? አርባ አንድ ብዬ ተረጎምኩ። ሰውየው ጻፈ።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሆፐርስ ክሮሲንግ ባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ሳምቡሳውን በላን። ቀዝቅዞ ነበር።

«ደኅና መለስኩ?» አሉኝ።

«ደኅና መልሰዋል» አልኳቸው።

ከፋሲካ በኋላ ድጎማው መቋረጡን የሚገልጽ ደብዳቤ ይዘው መጡ። አነበብኩላቸው። ይግባኝ እንበል፣ መስገድ እንደማይችሉ እንጻፍ ብዬ ብዙ ለመንኳቸው።

«ለሰውየው መቼ መለስኩለትና? የመለስኩት ላንቺ ነው። ሁዳዴ ገብቶ አልሰግድም ብዬ በልጅ ፊት ልናገር ኖሯል?» አሉኝ። የንስሐ አባታቸው ከስግደት ነጻ እንዳደረጓቸውም ያን ዕለት ነገሩኝ። ይግባኙን አልፈለጉም። የገበያ አዳራሽ ወለል ማጽዳት ጀመሩ።

በሚቀጥለው ሁዳዴ የኋላውን ግድግዳ ትተው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ሰገዱ። ሳላስበው እቆጥር ጀመር። ሰባተኛው ላይ መነሳት አቃታቸው፤ ሁለት ሴቶች ደግፈው አወጧቸው። እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። አልቅሺ አልቅሺ ቢለኝ ደግ ነበር፤ አላለኝም።

ትናንት ደግሞ ለእኔ ሪቪው ከቢሮው ደወሉ። ጥያቄው ከመጀመሩ በፊት ሩትን ከክፍሉ እንድትወጣ ነገርኳት። «ዋይ?» ብላ ምክንያቱን ጠየቀች፤ «ውጪ ብቻ» አልኳት። በሩን ዘጋሁና ለሴትዮዋ አንድ በአንድ መለስኩ። መንበርከክ አልችልም። ደረጃ መውጣት አልችልም። ገላዬን ለመታጠብ ስገባ ሰው ይዞኝ ካልሆነ እፈራለሁ። ሁሉም እውነት ነው።

ለማላውቃት ሴት እንዲህ በቀላሉ ወጣልኝ። ሩት እዚያው ተቀምጣ ብትሆን ግን ምን እንደምመልስ እኔ ራሴም አላውቅም።