ስሜ ያለበት መኪና

መኪና አጣቢ ሁሉ አንድ ነው የሚል ሰው ካለ እትዬ ጓዳን አያውቃትም ማለት ነው። ላቫጆ ቤት ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ስትሠራ የመኪና ጣሪያ አጥባ አታውቅም። ለሷ መኪና ማለት ከጎማው በላይ ያለው ጨለማ ጉድጓድ፣ ጭቃ የሚሸጎጥበት፣ ማንም ጎንበስ ብሎ የማያየው የፓራፋንጎው ውስጥ ነው። "ሳሎንማ ማንም ያሳምራል" ትላለች። "የሰው ንጽሕናው የሚታወቀው ጓዳው ሲገባ ነው። የመኪና ጓዳው ደግሞ ይኸውና።" ይህን ስትደጋግም ነው ስሙ የወጣላት። እናቷ ያወጣችላትን ስም ከባሏ በቀር የሚያስታውሰው የለም፤ እሱም የሚጠራት ሲያኮርፍ ብቻ ነው።

ስትሠራ ማየት ነበር። መጀመሪያ መሪውን ወደ አንድ ጎን ታስዞርና ጉልበቷ ሥር ቁራጭ ስፖንጅ አድርጋ ትንበረከካለች። ጭቃው እስኪርስ ውኃ ትለቅበታለች፣ እጀታው በረዘመ ብሩሽ ትፈትጋለች፣ ከዚያ ባዶ እጇን ታስገባና የታጠፈውን የቆርቆሮ ጠርዝ በጣቷ ትዳብሳለች። ጭቃ የሚደበቀው እዚያ ነው፤ እዚያ ተቀምጦ፣ እርጥበቱን ይዞ፣ ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ጣቷ ንጹሕ ሆኖ ካልወጣ እንደ አዲስ ትጀምራለች። ደርቆ ሲያልቅ ብቻ ጥቁሩን ማስዋቢያ ቅባት በጨርቅ ስስ አድርጋ ትቀባለች፤ ያኔም ፍሬኑን በአሮጌ ፎጣ ሸፍና ነው። "ቅባት ፍሬን ላይ ያረፈ ዕለት" ትላለች፣ "ከነውበትሽ ሄደሽ ግድግዳ ነው የምትሳለሚው።"

ታዲያ የላቫጆው ባለቤት አርጅተው ቤት ሲውሉ ሥራውን ለአማቻቸው ሰጡ። አማችየው በመጣ በሳምንቱ "ቶሎ ቶሎ" የሚል ስም ወጣለት፤ ሰውየው ከዚያ ሌላ ቃል ያለው አይመስልምና። "ግድግዳው ሰንበሌጥ" የሚለውን ቀሪውን ሠራተኞቹ በሆዳቸው ይጨርሱታል። ይዞት የመጣው ዘዴ መንፊያ ነበር። ጭቃው ሳይነካ ቅባቱ በላዩ ላይ ይነፋበታል፣ በሁለት ደቂቃ ያብለጨልጫል፣ አለቀ። ፊት ሳይታጠቡ ፓውደር መቀባት በሉት!

እትዬ ጓዳ እስከዚህ ድረስ ቻለችው። እነሱ ይንፉ፣ እኔ ልፈትግ ብላ ሥራዋን ቀጠለች። ችግሩ ደንበኞቹ ናቸው፤ "እኛ የምንፈልገው የእትዬ ጓዳን ነው" ማለታቸውን አልተዉም። ቶሎ ቶሎ መላ መታ፤ ካርድ አሳተመ። "ጎማው ሥር በእትዬ ጓዳ እጅ የጸዳ" ይላል፤ ከታች የፊርማ ቦታ አለው፤ የውስጥ መስታወቱ ላይ ይንጠለጠላል። እሷ በቀን የምትጨርሰው አራት መኪና ነው። ካርዱ ግን እንዲንጠለጠል የተፈለገው በቀን በሚታጠቡት ሠላሳ መኪናዎች ሁሉ ላይ ነበር።

"እትዬ፣ ፊርማዎን ብቻ ነው እኮ ያልነው፤ ጉልበትዎን አልጠየቅንም" አላት ቢሮው አስጠርቶ።

"እጄ ያልገባበት ስሜ ምን ሊያደርግ ይገባል?"

"ኧረ ማን ያያል? ማንስ ጎንበስ ይላል?"

"እኔ ጎንበስ ስል አይደል እንዴ የኖርኩት?"

"እንግዲያውስ እስከ ቅዳሜ ያስቡበት። ወይ ይፈርማሉ፣ ወይ..." አለና በአገጩ በሩን አሳያት።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው፤ ዓይኑ ስለደከመ አሁን ቁልፍ ከመትከልና ጫፍ ከማጠፍ ሌላ ብዙም አይሠራም። ነገሩን ስትነግረው መርፌውን አስቀመጠና በእውነተኛ ስሟ ጠራት። ጉድ ነው አለች በልቧ።

"ፈርሚላቸው። ሃምሳ አራት ዓመትሽ ነው። በዚህ ጉልበትሽ ማን ይቀጥርሻል? ለጭቃ ብለሽ እንጀራሽን ልትገፊ?"

የሚያንገበግበው እውነቱን መናገሩ ነው። የከተማው ላቫጆ ሁሉ አሁን ነፊ እንጂ ፈታጊ አይፈልግም፤ ከዚህ ከወጣች የምትገባበት የለም። እሷም ይህን ከእሱ በላይ ታውቀዋለች። ራቷን ሳትጨርስ ከገበታው ተነሣች።

ቅዳሜ ጠዋት፣ አልፈርምም ብላ ልትነግረው ቆርጣ ገባች። ቶሎ ቶሎ ግን ቀድሟታል። ሦስት መኪናዎች ታጥበው መውጫው ላይ ተሰልፈዋል፤ ሦስቱም መስታወት ላይ ካርዱ አለ፤ ሦስቱም ካርድ ላይ ፊርማዋ አለ። ፊርማዋ ማለቴ፣ ዶሮ የጫረው የሚመስል ነገር። የፊተኛይቱ መኪና የአንዲት ጥርስ ሐኪም ናት። ይህች ሐኪም ዘጠኝ ዓመት የእትዬ ጓዳ ደንበኛ ሆና ኖራለች፤ ቁልፏን ይዛ ልትገባ ስትል እትዬን አየቻት።

"እትዬ፣ ዛሬማ እጅዎ ፈጠነሳ!"

እትዬ ጓዳ ደሟ ፈላ። ተንበረከከች፣ እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች፣ ቅባት የለበሰ ጭቃ በመዳፏ ሙሉ ዘግና አወጣችና ሲሚንቶው ላይ ጣለችው።

"ካርዱ የኔ ሥራ ነው ይላል፤ ውሸቱን ነው። ፊርማውም የኔ አይደለም።"

ሐኪሟ ጭቃውን አየች፣ ካርዱንም አየች። "ላዩ ነጭ፣ ሥሩ የተበላ" አለች። "ስንት እንዲህ ያለ አፍ አይቻለሁ!"

ቶሎ ቶሎ ከቢሮው እየሮጠ ደረሰ። "አንቺ! ምን እየሠራሽ ነው?" እትዬው ቀረ፣ አንቱታውም ቀረ። "ተባረሻል! አሁኑኑ ውጪልኝ!"

"እሺ፣ ተባረርኩ" አለች የውኃውን ቱቦ እየጎተተች። "እኔ ተባረርኩ። ስሜ ግን ሦስት መኪና ላይ ተሰቅሏል።"

"ካርዱን ቀደሽ ጣዪው በቃ!"

"ወረቀቱንማ ማን መቅደድ ያቅተዋል? ለነዚህ ሰዎች በስሜ ቃል ተገብቶላቸዋል። ቃሉን ማን ይቅደደው?"

ቶሎ ቶሎ ሄዶ የቧንቧውን መዝጊያ ጠመዘዘው፤ ውኃው ቀጥ አለ። እትዬ ጓዳ ባዶውን ቱቦ ይዛ ቀረች። ያኔ ሦስቱንም መኪናዎች የነፋው ረጅሙ ሠራተኛ መንፊያውን መሬት አስቀመጠና ከበርሜሉ በባልዲ ውኃ ቀድቶ መጣ።

"የነፋሁት እኔ ነኝ እትዬ፤ ይቅር ይበሉኝ።"

"ይቅርታው ይደርሳል፤ አሁን ውኃውን አምጣ።"

ሦስት መኪና፣ አሥራ ሁለት ጓዳ። ከኋላ ሰልፉ ተዘግቶ ክላክስ ይጮሃል፤ ባለመኪናዎቹ እየወረዱ ከበው ያያሉ፤ አንዳንዶቹ እንዲያውም የራሳቸው መኪና ሥር ጎንበስ ብለው በጣታቸው መፋቅ ጀምረዋል። ቶሎ ቶሎ ወዲያ ወዲህ ይላል።

"ፖሊስ እጠራለሁ!"

"ጥራ። ፖሊስም መኪና አለው፤ የሱንም ጎንበስ ብሎ ይይ።"

ግቢው በሳቅ አውካካ። እሷ ግን አልሳቀችም፤ ጉልበቷ እሳት ሆኖባታል፤ ጥርሷን ነክሳ ትፈትጋለች። የመጨረሻውን ስትጨርስ ከሰዓት ሆኖ ነበር። ብሩሿን ይዛ ማንንም ሳትሰናበት ወጣች።

ቤት ስትደርስ እጇ እስከ ክርኗ ጠቁሯል፣ ቀሚሷ በስብሷል። ባሏ ከመርፌው ቀና አለ።

"ፈረምሽ?"

"አልፈረምኩም። ተባረርኩ።"

እሷ ቁጭ አለችና እንባዋ መጣ።

"ፈርቻለሁ" አለች። "ሰኞ የት እንደምሄድ አላውቅም። ደግመው ቢያመጡልኝ ግን ያንኑ ነው የማደርገው፤ ሰማኸኝ? ያንኑ!"

ባሏ ተነሥቶ ለብ ያለ ውኃ በሳፋ አመጣና እግሯ ሥር አስቀመጠ። የሆነውን ሁሉ አንድ በአንድ አስነገራት። ፖሊሱ ጋ ሲደርሱ ሳቁ አመለጠው፤ አሥራ ሁለተኛው ጎማ ጋ ሲደርሱ ግን አልሳቀም።

"ከተባረርሽ በኋላ ነው ይህን ሁሉ?"

"ከተባረርኩ በኋላ።"

ጨርቅ በለብታው ውኃ ነክሮ ጉልበቷን ያዘላት።

"ሰኞ አብሬሽ እወጣለሁ" አለ። "ያለውን ላቫጆ ሁሉ እንጠይቃለን። ለምን ለቀቅሽ ካሉሽ እውነቱን ንገሪያቸው።"

"ካልቀጠሩኝስ?"

"አይቅጠሩሽ!" አለ፤ ጨርቁን ሳፋው ውስጥ ወረወረው።