ጎፈሬ የተያዘበት ካርታ

ታኅሣሥ 1994 ዓ.ም. ነበር። ወይስ 95? ሰሊጡ ታጭዶና ተራግፎ ገዳሪፍ ገበያ የገባበት ሰሞን መሆኑን አልጠራጠርም፤ ዓመቱን ስጽፍ ግን እጄ ያመነታል። ጓደኛችን ዘመኑ ሊያገባ የሄደ ጊዜ ብል በዚያን ዘመን ገዳሪፍ የነበረ ሐበሻ ሁሉ ይረዳኛል። ስንት ዓመተ ምሕረት ነበር ብዬ ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም የየራሱን ይነግረኛል።

ዘመኑ የቋራ ልጅ ነው። ለአንድ ክረምት አረም ብሎ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ የሰሊጥ መጋዘን ዘበኛ። ቁመቱ እንደማንኛችንም ነበር፤ ጎፈሬው ሲታከልበት ግን በር ሲገባ ጎንበስ ማለት ነበረበት። በእንጨት ሚዶ ያበጥረዋል፣ ቅቤ ይቀባዋል። በሚያዝያ ሙቀት ቅቤው ቀልጦ በግንባሩ ሲወርድ የማያውቁት ሰዎች የሚያለቅስ መስሏቸው ያጽናኑት ነበር።

ዓርብ ዓርብ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ፣ ከሱሩር ሱቅ ጓዳ እንሰበሰባለን። ሱሩር በርበሬና ቅመም የሚሸጥ የጎንደር ነጋዴ ነው፤ በዕድሜ ስለሚበልጠን አያ ሱሩር እንለዋለን። እኔ በዚያን ጊዜ የስደተኛ ልጆች አስተምር ነበር። አራተኛችን እንግዳው የሚባል ፀጉር አስተካካይ ነው። ራሱ መላጣ ሆኖ፣ እግዜር ከላይ የነሳውን ከአፍንጫው በታች ክሶት፣ እንደ መጥረጊያ የጎፈረ ጢም ነበረው።

የምንጫወተው ፖከር ነው። ቁማር በአገሩ ሕግም በሱሩር ሃይማኖትም የተከለከለ በመሆኑ የምናስይዘው ባቄላ ብቻ ነበር። ጨዋታው ሲያበቃ ባቄላው ሁሉ አንድ ድስት ይገባና ያሸነፈውም የተሸነፈውም እኩል ይበላዋል። ከካርታ ሁሉ የምንመኘው ፉል ነበር፤ ሦስት አንድ ዓይነት ከሁለት አንድ ዓይነት ጋር ሲገጥም ማለት ነው። ሱዳኖች ባቄላን ፉል ስለሚሉ ሱሩር «ፉል የፈለገ ድስቱን ይክፈት» እያለ ያሾፍብናል።

ዘመኑ ሲጀምር ካርታ መጣል፣ ከዙሩ መውጣት የሚባል ነገር አያውቅም። የመጣለትን ሁሉ ይዞ እስከ መጨረሻው ይፋለማል፤ ሻዩ ሳይበርድ ባቄላው ያልቃል።

«ጣለው እንጂ!» ይለዋል ሱሩር።

«የቋራ ሰው ጀርባውን አይሰጥም።»

«ማን ጀርባ ስጥ አለህ? ካርታ ስጥ ነው ያልኩህ!»

አንድ ዓርብ ሱሩር መረረው። ካርታውን አስቀመጠና ዘመኑን እንደ ተማሪ ይጠይቀው ጀመር።

«ሰሊጥ መቼ ነው የሚታጨደው?»

«የታችኛው ፍሬ ቢጫ ሲል ነዋ።»

«አረንጓዴ ሳለስ?»

«እብድ ካልሆንክ አታጭደውም።»

«ፈርተህ ነው?»

«ምን ያስፈራኛል አያ ሱሩር! ጥሬ ስለሆነ ነው እንጂ።»

«በል እንግዲህ፣ ያ በእጅህ ያለውም ጥሬ ነው። ተወው።»

ዘመኑ ካርታውን ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ አስተኛው።

ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁሉ ነገር ጥሬ ሆነበት። አንድ ጊዜ ሦስት ንጉሥ ይዞ ሱሩር ስላስነጠሰ ጣለ። አመሉ ከጓዳው ወጥቶ ገበያ ገባ። የአንድ እርሻ ወኪል ራቅ ያለ ቦታ ጥሩ ሥራ አለ ብሎ ሲያባብለው የሰውየውን ዓይን አይቶ «ጣልኩ» አለው። ሰውየው ምን እንደጣለ ለማየት መሬቱን ተመለከተ። እንግዳው ምሳ ሲጋብዘው እንኳ «ምን አስበህ ነው?» ማለት ጀመረ።

ወራት ካለፉ በኋላ ግን በመሐል ረጋ። መጣልም መያዝም አወቀ። ሱሩር ጥሩ ካርታ ሲይዝ «ወላሂ ዛሬ አልምራችሁም» እንደሚል፣ ሲያስመስል ግን «ዛሬ አልምራችሁም» ብቻ እንደሚል የደረሰበት እሱ ነው። በአላህ ስም ሊዋሽ አይችልማ። ይህን ሲነግረን ሱሩር ራሱ ደነገጠ፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንት ጨርሶ ሳይናገር ተጫወተ።

ነገሩ የመጣው የሰርጉ ወሬ ሲመጣ ነው። አገር ቤት ሐመልማል የምትባል እጮኛ አለችው። አባትዋ ቃል ልከው ነበር፦ «ዘንድሮ ጥር ካልመጣ ሌላ ሰው ጠይቆኛል፤ ለዚያ እሰጣታለሁ።» ዘመኑ ዕቃውን ሸክፎ በማግስቱ ሊጓዝ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ሊጫወት መጣ። ጎፈሬው በቅቤ ያበራል።

«ይህን ቁጥቋጦ ይዘህ ነው ሙሽራ የምትሆነው?» አለ እንግዳው። «በሞቴ፣ ትንሽ ላስተካክልህ።»

«አንተ መጀመሪያ የራስህን አብቅል።»

ሳቅን። እንግዳው ግን አልሳቀም። እነዚያን ዓመታት ሁሉ ዘመኑ አንድ ቀን ከወንበሩ ላይ አልተቀመጠለትም፤ ይህ ለአንድ ፀጉር አስተካካይ ቀላል ነገር አይደለም።

«እንግዲያው በካርታ እንወራረድ» አለ። «ብትሸነፍ ጎፈሬህን እላጨዋለሁ። ብሸነፍ ጢሜን።»

«የለም!» አልኩ እኔ። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ በእነሱ አገር ፀጉሩን ተላጭቶ የሚመጣ ሐዘንተኛ ነው። ዘመኑ ተላጭቶ አገሩ ቢገባ እናቱ እማማ አምሳለ ማን ሞተ ብለው ሳይጠይቁ ነው ደረታቸውን የሚመቱት። ሰው የለቅሶ ድንኳን ይተክላል። ማንም አልሞተም ብሎ እስኪያስረዳ ጥር ያልፋል፣ ሐመልማልም ታልፈዋለች።

ዘመኑም ይህን ያውቃል። ካርታ መጣል የተማረ ሰው ነው፣ ይጥለዋል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። አፉን ከፈተ።

«ፈራህ እንዴ?» አለ እንግዳው።

አበቃ። የአንድ ዓመት ትምህርት በአንድ ቃል ተደረመሰ። «አከፋፍል!» አለ ዘመኑ።

ሱሩር «ቁማር ሐራም ነው» ብሎ ካርታውን ያዘ። እንግዳው ፀጉር ገንዘብ አይደለም ብሎ ተከራከረው። ሱሩር ጥቂት አሰበና «ፀጉር ተመልሶ ይበቅላል። ስለዚህ ብድር ነው» ብሎ ማከፋፈል ጀመረ። ከጁምዓ ቀጥሎ ላለው የዐስር ሶላት አዛን ሲጠራ ባቄላው ያነሰ ተሸናፊ ነው ተባባልን።

እኔና ሱሩር ከጨዋታው በጊዜ ወጣን፤ ሁለቱ ቀሩ። እኔ ከእንግዳው ጀርባ ተቀምጬ ነበር። ዘመኑ ጥሬውን እየጣለ፣ የበሰለውን እየያዘ በደንብ ተጫወተ፤ ካርታው ግን አልመጣለትም። አዛኑ ሲቃረብ ከፊቱ የቀረው ትንሽ ጉብታ ነበር። የእንግዳው ባቄላ ድስት ይሞላል።

በመጨረሻው ዙር ለእንግዳው ሦስት ንግሥት መጣለት። የጢሙ ዳርና ዳር ሲንቀጠቀጥ ከኋላው ሆኜ አየሁት። ከባቄላው አብዛኛውን በክንዱ ጠርጎ ወደ መሐል ገፋና «በል ሙሽራው! ምን አለህ?» አለ።

ዘመኑ ካርታውን አየ። ከፊቱ ያለውን ጉብታ አየ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ በቀስታ፣

«ፉል አለኝ» አለና ያለውን ሁሉ ገፋ።

በጓዳችን ሕግ አንዱ ያለውን ሁሉ ከገፋ ሌላውም የቀረውን ሁሉ መጨመር፣ አለዚያም መጣል አለበት። እንግዳው አሁን በእጁ የቀረችውን ጨምሮ ካርታውን ማስከፈት፣ ወይም ጥሎ በቀረችው መቀጠል ነበረበት። ጢሙን ዳሰሰ፤ ሦስት ንግሥት ፉልን አያሸንፍም። ዓመት ሙሉ ጥሬ ካርታ ሲጥል ያየው ሰው፣ ሚስቱን አስይዞ እንዴት ይዋሻል?

«ጣልኩ» አለ።

የመሐሉ ክምር ሁሉ የዘመኑ ሆነ። ወዲያው አዛኑ ተሰማ፤ ባቄላው ያነሰው እንግዳው ነበር። ሱሩር ለውዱ፣ ለሶላት ትጥበቱ፣ ሲቻኮል ካርታውን ሁሉ ሰብስቦ ቀላቀለው፤ የዘመኑን አንዳችንም አላየነውም።

«ፉሉን አሳየኝ!» ብሎ ጮኸ እንግዳው።

ዘመኑ ወደ ባቄላው ጠቆመ። «ይኸውልህ። ምን አለህ ስትለኝ ጊዜ፣ ያለኝን ነገርኩህ።»

«ባቄላውን ነው እንዴ ያልከው?»

«ምኑን መሰለህ?»

ሱሩር ፊቱን በውኃ እየነካካ ሲስቅ የት እንደደረሰ ጠፋበትና ውዱውን እንደገና ጀመረ። ዘመኑ አዘነለትና «በሞቴ ጢምህን ተወው፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው» ብሎ ለመነው። እንግዳው እምቢ አለ። «ፈራሁ እንዴ?» ብሎ ሱቁ ገባና በራሱ ምላጭ፣ በራሱ መስታወት ፊት፣ ጢሙን ላጨው። ሲወጣ ከላይ እስከ ታች እንቁላል መስሎ ነበር። ደንበኞቹ ለብዙ ቀን «እንግዳው የለም ወይ?» እያሉ ራሱን ይጠይቁት ነበር።

እኔም የዘመኑን መልስ የዋህነት ነው ብዬ አምኜ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ከገበያው ዳር ቁርስ ተቀምጬ ሳለ ግን ሱዳናዊው ባለ ፉል፣ የደንበኛው የዘመኑ ጓደኛ መሆኔን ስለሚያውቅ፣ ሊጨምርልኝ ፈልጎ «ባጌላ?» አለኝ። ጉርሻው እጄ ላይ ቀረ። ዘመኑ ገዳሪፍ በኖረበት ዘመን ሁሉ ባቄላን ፉል ብሎ አያውቅም። «ባቄላ ባቄላ ነው» እያለ ሱዳናዊውን ሻጭ እንኳ አማርኛ ያስተማረው እሱ ነው። ታዲያ ትናንት፣ በዚያች ሰዓት ብቻ፣ ፉል የሚለው ቃል ከየት መጣለት? ወይስ በእርግጥ ፉል ይዞ ነበር?

ሳህኑን ትቼ ወደ ድንበሩ ወደ ገላባት የሚሄዱት ሎሪዎች መናኸሪያ ሮጥኩ። ባለ ፉሉ ከኋላዬ በአረብኛ ይጠራኛል። ስደርስ ሎሪው ተንቀሳቅሷል። ዘመኑ ከጆንያዎቹ ላይ፣ ጎፈሬውን አቧራ እንዳይነካበት በፌስታል ሸፍኖ ተቀምጧል።

«ዘመኑ!» አልኩ። ሩጫው ትንፋሼን ወስዶት ሌላ ቃል አልወጣልኝም።

አየኝና ብድግ አለ። ልሰናበተው የመጣሁ መስሎት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ አለ።

«አሜን መምህር! ለሐመልማል እነግርልሃለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ምኑን እንደሚነግርልኝ እንጃ። ሎሪው ወፍጮ ቤቱ ጋ ታጠፈ።