በግፊ የምትነሳው ፒካፕ

ሱሉልታ ውስጥ በተከራየሁት ክፍል፣ ብርድ በበረታበት ጠዋት ያልተቃጠለ የናፍጣ ጭስ በመስኮቱ ክፍተት ሲገባ፣ ዓይኔን ሳልገልጥ ወዳደግኩበት ሰበታ እመለሳለሁ። ዓይን የሚቆጠቁጥ፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ነጭ ጭስ ነው። ሌላው ሰው አፍንጫውን ይይዝበታል፤ ለእኔ ግን ሰው የሚሰበሰብበት ሽታ ሆኖ ቀርቷል።

እናቴ ሳላውቃት ስለሞተች ቤታችን ውስጥ የነበርነው አባዬና እኔ ብቻ ነበርን። አባዬ በአሮጌ የናፍጣ ፒካፕ ከተጂ እህልና ሽንኩርት እየጫነ ለሰበታ ነጋዴዎች ያመጣ ነበር። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ሲመሽ ይመለሳል፤ ከትምህርት ቤት ስመጣ የሚቀበለኝ ባዶ ቤት ነው። ስለዚህ የእኔ ቀን ጠዋት ነበር፤ ጠዋቱ ደግሞ የሚረዝመው መኪናዋ እምቢ ስትል ነው።

ክረምት ላይ እምቢታዋ ይብስ ነበር። አባዬ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ነጭ ጭስ ይተፋል፣ አይነሳም። ግቢያችን ተዳፋት ነው፤ በሩ ከታች፣ ቤቱ ከላይ። አባዬ ማታ እንደገባ አፍንጫዋን ወደ ላይ አድርጎ ያቆማታል፣ ጠዋት ፍሬኑን ሲለቅ በራሷ ወደ ኋላ ተንሸራታ መንገዱ ላይ ትወጣለታለች። ለግፊ እንዲመች ብሎ ነው። ድምፁን የሰማ ጎረቤት ጋቢውን እንደደረበ ይወጣ ነበር። የፊት ለፊታችን ሽማግሌ ኦቦ ገመቹ «አከም ቡልተን» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ እያሉ ይመጣሉ፣ ባለሱቁ ሸምሱ ሱቁን ገርበብ አድርጎ ይከተላል። የእኔ ቦታ ከኋላ፣ በኦቦ ገመቹ ሁለት ክንዶች መካከል ነበር፤ ብረቱ መዳፌን ያቀዘቅዘዋል፣ ትንፋሻቸው ማጅራቴን ያሞቀዋል።

«ጋሼ፣ ይቺ መኪና በናፍጣ ሳይሆን በእኛ ነው እኮ የምትሄደው!» ይላል ሸምሱ እያለከለከ።

«በአፍህ አይደለም፣ በእጅህ ግፋ!» ይሉታል ኦቦ ገመቹ።

ስትነሳ ሁላችንም እንጮህ ነበር። አባዬም ዳግም እንዳትጠፋበት ፈርቶ ሳያጠፋት ይተዋትና፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ገብቶ ከእኔ ጋር ዳቦ በሻይ ይበላል። ከእሱ ጋር ቁጭ ብዬ የምበላው ያኔ ብቻ ነበር።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ቢያባራም መኪናዋ አልተሻላትም። አባዬ ባትሪ ቀየረ፣ መካኒክ ሞተሩን የሚያስነሳውን ሞተሪኖ አውርዶ ፈታው፣ ሞተሩን ቀድመው የሚያሞቁት ካንዴላዎችም ተለወጡ፤ ጠብ የሚል ነገር የለም። ነጋዴዎቹ በጊዜ የሚደርስ ሰው ፈለጉና ጭነቱ እየቀረበት መጣ። ማታ ማታ እጁን እያሻሸ ይቀመጥ ነበር።

ኅዳር ላይ ጎረቤት ያስመጣው አሸዋ በራችን ላይ ተደፍቶ አባዬ መግቢያ ስላጣ፣ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ መንገድ ላይ አሳደራት። ጠዋት ቁልፉ ገና ሲነካ ተነሳች። አሸዋው ተነስቶ ግቢ ባደረች ማግስት ግን እንደገና እምቢ አለች።

«አባዬ፣ አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲሆን ነው እኮ እምቢ የምትለው» አልኩት። እንዲያየኝ ፈልጌ ነበር።

ትንሽ አሰበና ኮፈኑን ከፈተ። ናፍጣ ወደ ሞተሩ የሚወስደውን ጎማ በጣቱ እየዳበሰ ሄዶ፣ ማሰሪያው ሥር ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አገኘ። ሌሊቱን በዚያች ስንጥቅ አየር እየገባ፣ ናፍጣው ቁልቁል ወደ ታንኩ ይመለስ ኖሯል። ለግፊ እንድትመች ብሎ ያቆመበት አቋቋም ነበር ለግፊ የዳረጋት። ጎማውን ቀየረና «የኔ መካኒክ!» ብሎ ራሴን አሻሸኝ። ያን ቀን ሰበታ ውስጥ ከእኔ የሚበልጥ ሰው አልነበረም።

በጋውን ሙሉ በአንድ ቁልፍ ተነሳች። ጭነቱ ተመለሰ፣ የአባዬም ፊት ተመለሰ። ሳልነቃ ይወጣ ነበር፤ ዳቦዬ በሳህን ተከድኖ፣ ሻዩ በፔርሙዝ ሆኖ ይቆየኛል። ኦቦ ገመቹ ከበራቸው ሆነው እጃቸውን ያነሱልኛል እንጂ አይሻገሩም፤ ሸምሱም ሱቁን ገርበብ የሚያደርግበት ምክንያት አልነበረውም።

ዛሬ እንጀራዬ ይኸው የናፍጣ ሞተር ሆኗል፤ ትምህርት ቤት ገብቼ ሳይሆን እየፈታሁ እየገጠምኩ የለመድኩት ነው። እዚህ ሱሉልታ ግቢው ሁሉ በቆርቆሮ በር የተዘጋ ነው፣ የጎረቤቴንም ስም አላውቅም። ዛሬ ጠዋት ከአጥሩ ማዶ አንድ ሰው ቁልፍ ደጋግሞ ሲያዞር ሰማሁ። ናፍጣው ውስጥ አየር መግባቱን ከድምፁ ለየሁት። ጫማዬን አስሬ፣ ጃኬቴን እየለበስኩ ወጣሁ። የበሩን መቀርቀሪያ ስስብ ሞተሩ ተነሳ። መንገዱ ላይ ስደርስ ጭሱ ብቻ ቀርቷል፤ እስኪበተን ድረስ እጆቼን ኪሴ ሳልከት ቆምኩ።